ወፍ ቆጣሪዎቹ

የአክስቴ ልጅ ካናዳ ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል። አንድ ክረምት ላይ ለእናቷ ስልክ ደወለችና «ለስድስት ሳምንት ባሕር ላይ ልሰነብት ነው፤ ስልኬ ባይሠራ እንዳትደነግጪ» አለቻት። አክስቴ ወዲያው ደነገጠች።

«ባሕር ላይ ምን ልትሠሪ?»

«ዓሣ ነባሪ ልቆጥር።»

«ዮናስን የዋጠውን?»

«አዎ እማዬ፤ የሱን ዘመዶች።»

አክስቴ ጥቂት ዝም አለችና ማንኛዋም እናት የምትጠይቀውን ጠየቀች። «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሻል?» መልሱ ከዓሣ ነባሪው የባሰ ሆነ። ደመወዝ የለውም። እንዲያውም የምግቧንና የማደሪያዋን ከኪሷ የምትከፍለው እሷው ራሷ ናት። ሥራው «የፈቃደኛ ተለማማጅ» ይባላል። በዚያ ሰሞን በአክስቴ ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው ይኸው ነበር። ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ከፍላ ዓሣ ትቆጥር ጀመር!

ሁሉም ሲስቅ እኔ ግን የምስቅበት አፍ አልነበረኝም። ምክንያቱም ይህ ጸሐፊ ራሱ በጥር ብርድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ቡራዩ አጠገብ ከገፈርሳ ግድብ ዳር ቆሞ ዳክዬ የሚቆጥር ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፤ የታክሲውም ከራስ ነው። በአገራችን ሥራ የፈታ ሰው ዝንብ እሽ ይላል ሲባል እንሰማለን እንጂ ወፍ ይቆጥራል ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም። ስለዚህ በሰፈሬ «ወፍ ቆጣሪው» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ስሙን አልጠላሁትም።

ለመሆኑ ሰው ያለ ክፍያ፣ አንዳንዴም ከፍሎ፣ ዱር ገብቶ አውሬ የሚቆጥረው ለምንድን ነው? ነገሩስ ከየት መጣ? አዲስ አበባን ከከበቧት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታስ ምን ያገናኘዋል? ውድ አንባቢ፣ መልሱን ፍለጋ ጥቂት ወደ ኋላ እንሂድ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለበት በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከጠመንጃ ወደ ደብተር

ስለ ዱር እንስሳት የምናውቀው ብዙው ነገር መጀመሪያ የተጻፈው በባሩድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምፅዋ ተነሥቶ ስሜንንና ጎንደርን ሲያዳርስ የሰበሰባቸው ቆዳዎችና አጽሞች ተጠቅልለው ፍራንክፈርት ወደሚገኘው ዜንከንበርግ ሙዚየም ተጫኑ። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም በስም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ዛሬ ገፈርሳ ዳር ቆመን የምንቆጥራትን፣ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ የሆነችውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይም በ1845 የሰየማት እሱ ነው። ሰውዬውን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ዘመን ወፍን ማወቅ ማለት ወፍን መግደል ማለት ነበር። አጉሊ መነጽሩም ካሜራውም ገና ነበሩና እጅ ያልገባ ወፍ እንደ ወሬ ይቆጠር ነበር።

በባሕሩም ዓለም ታሪኩ ያው ነው። በ1920ዎቹ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በደቡብ አትላንቲክ፣ ሳውዝ ጆርጂያ በምትባል ደሴት ስለ ዓሣ ነባሪዎች ትልቅ ጥናት ሲያካሂዱ የተቀመጡት ከአዳኞቹ ጣቢያ ነበር። መርከቦቹ እየገደሉ ያመጣሉ፤ ተመራማሪዎቹ ሬሳው ከመበለቱ በፊት ርዝመቱን ይለካሉ፣ ሆዱን ከፍተው ምን እንደበላ ያያሉ። የዓለም ትልቁ እንስሳ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ስንት እንደሚመዝን በሚገባ ታወቀ። በሕይወት ሳለ የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደሚጓዝ፣ ስንት እንደቀረ ግን የሚነግር አልነበረም። እሱን እንዳይገድሉ የተከለከለው በ1966 ሲሆን፣ ለንግድ የሚደረገው አደን በጠቅላላ እንዲቆም በ1982 ተወስኖ በ1986 ሥራ ላይ ዋለ።

ታዲያ ልብ እንበል። ሬሳ ለመለካት አንድ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሬሳ የትም አይሄድም። በሕይወት ያለውን ለመቁጠር ግን ብዙ ዓይን፣ ብዙ እጅና ብዙ ማለዳ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ማለዳ በደመወዝ የሚገዛ መንግሥት የለም። ፈቃደኛው የገባው በዚች ቀዳዳ ነው። የፈቃደኛ ታሪክ የሚጀምረው ጠመንጃው ከተቀመጠበት ቀን ነው ለማለት የምደፍረውም ለዚህ ነው።

ቀኑን እንኳ መጥቀስ ይቻላል። በአሜሪካ ለገና በዓል በቡድን ተከፋፍሎ ማን ብዙ ወፍ እንደገደለ መወዳደር የተለመደ ጨዋታ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ሊቅ በ1900 «ዘንድሮ እንቁጠር እንጂ አንተኩስ» የሚል ሐሳብ አመጣ። የገና ዕለት 27 ሰዎች ወጡ። ያቺ ቆጠራ ሳትቋረጥ ዛሬም በየዓመቱ ትካሄዳለች፤ ቆጣሪዎቹ አሁን በአሥር ሺዎች የሚገመቱ ናቸው። የውሃ ወፎችን በየጥሩ በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን የመቁጠሩ ሥራ ደግሞ በ1967 ተጀመረ። በ1990ዎቹ መግቢያ አፍሪካን እያዳረሰ ሲመጣ እኛንም ደረሰን። ገፈርሳ ዳር ያቆመኝ ይኸው ነው።

ዓሣ ነባሪን በተመለከተ ለውጡ የመጣው በካሜራ ነው። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ጉብጉብ ጀርባ የሚሉት ዓሣ ነባሪ ሊጠልቅ ጅራቱን ሲያነሣ በስተ ሥሩ የሚታየው ጥቁርና ነጭ መልክ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። ሰማያዊውም ገላው ላይ ባለው ዝንጉርጉር ይታወቃል። እንግዲህ መግደል ሳያስፈልግ እያንዳንዱን በመልኩ መዝግቦ ከዓመት ዓመት መከተል ተቻለ። በካናዳ በሴንት ሎረንስ ባሕረ ሰላጤ ሪቻርድ ሲርስ ከ1979 ጀምሮ በሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችን ከስድስቱ ሳምንት አብዛኛውን ያሳለፈችው ጉም እስኪገፈፍ በመጠበቅ፣ ጀልባ በማጠብና ፎቶግራፍ ከፎቶግራፍ ጋር በማስተያየት ነው። ዓሣ ነባሪ በቅርብ ያየችው ስድስት ቀን ብቻ ነበር። «ግን አንደኛውን አወቅሁት» አለች። «ከእኔ መወለድ በፊት ፎቶ ተነሥቷል።»

ከሰሜን ዋልታ ወደ ስሜን

ይህን ሁሉ ከኢትዮጵያ ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ካለ አንድ ሰው ልጥቀስለት። ክላይቭ ኒኮል ይባላል። በ1940 በዌልስ የተወለደ ሲሆን ገና በ17 ዓመቱ ወደ ካናዳ የሰሜን ዋልታ አገር ሄዶ በዳክዬ ጥናት ላይ የተመራማሪ ረዳት ሆነ። ጫነ፣ ድንኳን ተከለ፣ ጻፈ። ከዚያ በካናዳ የዓሣ ሀብት ምርምር ቦርድ ውስጥ በቴክኒሽያንነት ተቀጥሮ ዓሣ ነባሪና የባሕር ውሻ በሚጠኑበት ክፍል ሠራ። በ1967 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ቀጥሮት ስሜን ተራራ ወጣ፤ የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ እስከ 1969 ቆየ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የታወጀው በዚሁ በ1969 ነው። በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 «አደጋ ላይ ካሉት» ተርታ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው።

ኒኮል ስለ ስሜን ቆይታው መጽሐፍ ጽፏል። በኋላ ጃፓን ገብቶ፣ ዜግነት ወስዶ፣ ስለ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ልብ ወለድ አሳትሞ፣ ደን ሲያለማ ኖሮ በ2020 አረፈ። የሕይወቱን መንገድ ሳስብ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ያ ሁሉ የተጀመረው አንድ ጎረምሳ ዕቃ ተሸክሞ፣ ብርድ ችሎ፣ የወፍ ጎጆ እንዲቆጥር ስለ ተፈቀደለት ነው። ለዋልያ የተቆረቆረ ሰው የተሠራው በዳክዬ ጎጆ ላይ ነው።

በእኛው ደጋ ላይም ቀደም ብለው የቆጠሩ ነበሩ። ኬኔዝ ጊሻርድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያያቸውን ወፎች መዝግቦ በ1950 አሳተመ። ኤሚል ኧርባን በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፤ ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በ1971 ያሳተመው ዩኒቨርሲቲው ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። «ዋልያ» የተባለውን መጽሔቱንና ለወጣቶች ያዘጋጀውን «አጋዘን»ን ያየ አንባቢ ያስታውሰዋል። ይህ ማኅበር በ1996 ለአእዋፍ ጠቃሚ የሆኑትን የአገሪቱን ሥፍራዎች ዘርዝሮ መጽሐፍ አወጣ። በዝርዝሩ 69 ሥፍራዎች አሉ። ከነዚህ ውስጥ የሱሉልታ ሜዳ፣ የገፈርሳ ግድብና የመናገሻ ደን ይገኛሉ። አንዱ ሱሉልታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሰበታ ደጃፍ ማለት ነው። ብሎኬትና ቆርቆሮ የምንጭንባቸው ከተሞች በወፎች መዝገብ ውስጥ ስማቸው ሰፍሮ ኖሯል።

ሦስቱ ደጃፎች

ከገፈርሳ እንጀምር። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ካቀረቡት ግድቦች አንጋፋው ነው። በጥር ማለዳ ውሃው ላይ እንፋሎት ይነሣል። ቢጫ መንቁር ዳክዬዎች በመንጋ ይተኛሉ፤ ሰማያዊ ክንፍ ዝዮች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንገታቸውን ጀርባቸው ላይ አጋድመው ሣሩ ላይ ይራመዳሉ፤ ጋጋኖ እየተንጫጫ በላይ ያልፋል። ሁለት ሁለት ሆነን ዳርቻውን እንከፋፈላለን። አንዱ በመነጽር አይቶ ቁጥር ይጠራል፤ ሌላው ይጽፋል። መንጋ ሲሆን አሥር አሥሩን በዓይን እየሸነሸኑ መቁጠር ነው።

የመጀመሪያ ዕለት ያጋጠመኝን ልናገር። አንድ የዳክዬ መንጋ በኩራት ቆጥሬ አስጻፍኩ። መንጋው ተነሥቶ ዞረና ከወዲያ ማዶ አረፈ። እኔም ወደዚያ ሄጄ እንደ አዲስ ቆጠርኩት። አስተባባሪያችን በዕድሜ ከእኔ በብዙ የምታንስ የባዮሎጂ ተማሪ ነበረች። ደብተሬን አየችና ሳትስቅ ሰረዘችው። «ያላየኸውን አትጻፍ፤ ያየኸውን ሁለቴ አትጻፍ» አለችኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስይዝ ከተማርኩት ሁሉ ይህን ያህል አጥሮ የተነገረኝ የለም።

ከሰበታ በላይ ወጨጫ ተራራ አለ። በምዕራባዊ ጎኑ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ጥዱ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ዘሩ ከሸዋ ወፍ ዋሻ መጥቶ የተተከለ ነው የሚል ትውፊት አለው። እዚያ ቆጠራ በጆሮ ነው። ቢጫ ግንባሩ በቀቀን ከመታየቱ በፊት ጩኸቱ ይሰማል፤ የምኒልክ ድኩላ ቅጠል አንኮሻኩሾ ይሰወራል። ሰበታ ሌላም ነገር አላት። ብሔራዊው የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው። አክስቴን ለማጽናናት «እኛም ዘንድ እኮ ዓሣ የሚያጠኑ አሉ፤ ሰበታ» ብላት «ታዲያ እዚሁ ሰበታ ብትቆጥር ምን ነበረበት?» አለችኝ። ጥያቄዋ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ የጎጃምን መንገድ ይዘው ሲወርዱ ሜዳው ድንገት ይዘረጋል። ሯጮቻችን በማለዳ ጉሙን ሰንጥቀው ሲያልፉ የሚታዩበት ሜዳ ነው። በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት አመዳማ ባለ ረዥም አንገት ክሬኖች ያርፉበታል። በክረምት ደግሞ ውሃ ተኝቶበት ረግረግ ይሆናል። እንጦጦ የሁለት ውሃዎች ድንበር ነው። የገፈርሳና የሰበታ ውሃ ወደ አዋሽ ወርዶ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። የሱሉልታው ግን በሙገር ወደ አባይ፣ በአባይ ወደ ሜድትራኒያን ይሄዳል። ዓሣ ነባሪ ወዳለበት ባሕር መንገድ ያለው ከሦስቱ ይህ ሜዳ ብቻ ነው።

የሱሉልታዋ ወፍ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በ1877 ከደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ከሚባል ሥፍራ፣ ቶማስ አይረስ የተባለ ሰብሳቢ በላከው ናሙና መሠረት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ በሳይንስ መዝገብ ገባች። ስሟም በሰውዬው «ሳሮትሩራ አይሬሲ» ተባለ። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። ሣር ለሣር ትሮጣለች እንጂ መብረር አትወድም። ድንገት ስትነሣ ክንፏ ላይ ነጭ ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ሣሩ ውስጥ ትወድቃለች። ነጭ ክንፍ የሚሏትም ለዚህ ነው።

ይህች ወፍ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ ድረስ በሱሉልታ ሜዳ ተመዝግባለች። ጊሻርድም በ1948 ስለ እሷ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ። ለአሥርተ ዓመታት የጠፋችው ወፏ ትሁን ፈላጊው የሚያውቅ አልነበረም። በ1997 ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሆለታ አልፎ ባለው የበርጋ ረግረግ፣ በክረምቱ ወራት የምትራባ መሆኗ ታወቀ። የዓለም የወፍ ሊቃውንት ተደነቁ። በመላው ዓለም ለመራቢያነቷ የታወቁት ጥቂት የኢትዮጵያ ደጋ ረግረጎች ብቻ ነበሩና! ከ2013 ወዲህ ፈጽመው ሊጠፉ በጣም ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመድባለች። የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል።

ፈቃደኛ ያልነካው የዚህች ወፍ ታሪክ የለም። ቀደም ሲል እሷን ለማግኘት የነበረው ዘዴ ረዥም ገመድ ሁለት ጫፍ ይዞ እርጥቡ ሣር ላይ እየጎተቱ ማስነሣት ነበር። ገመዱን የሚጎትት፣ ከጉልበት በላይ ውሃ ውስጥ የሚሄድ፣ ሌላው ደግሞ በላይ በላይ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። በኋላ ዘዴው ወፏን ያስጨንቃል ተብሎ ካሜራና ድምፅ መቅጃ ረግረግ ውስጥ መደበቅ መጣ። በ2018 በደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ የተደበቀ ካሜራ ጫጩቶቿን አሳየ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ስትራባ ስትታይ የመጀመሪያው ነበር። ድምጿም በእርግጥ የእሷ መሆኑ የተለየው በዚያው ሰሞን፣ በዚያው አገር ነው። ከ140 ዓመት በላይ በስም የምትታወቅ ወፍ ድምጿ ሳይታወቅ ኖሯል ማለት ነው።

ባሕሩም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የዓሣ ነባሪ ዜማ በሸክላ ታትሞ ሕዝብ የሰማው በ1970 ሲሆን፣ ሮጀር ፔይን ያሳተመው ያ ሸክላ ሰዎች ለዓሣ ነባሪ እንዲራሩ ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው ነበር ይባላል። ሰው ድምፁን ለሰማው ነገር ይራራል። የእኛ አባቶች ግን «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ብለው ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በአገሯ ስትጮኽ ስንሰማት ኖረን ይሆናል፤ የእሷ መሆኑን ግን የነገሩን ከሩቅ ነው።

«ከቆጠራችሁስ በኋላ?»

አንድ ነሐሴ ላይ ከጥቂት ወጣቶች ጋር ሱሉልታ ሄድኩ። ውሃ የተኛበት፣ ሣሩ ረዘም ያለ ቦታ እየፈለግን ከማለዳ እስከ ቀትር ዞርን። ብዙ አላገኘንም። ረግረግ ከነበረው አንዳንዱ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ አንዳንዱ ቦይ ተቆፍሮለት ደርቋል፤ አንዳንዱ ታጥሯል፤ የቀረው በከብት ተግጦ መሬቱ ይታያል። በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከሌሎች አጎራባቾቻቸው ጋር ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ገብተዋል። ከተማ ማደጉ አይቀርም፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። እኔም የምኖረው ትናንት ሣር በነበረ መሬት ላይ በተሠራ ቤት ነውና የመፍረድ መብት የለኝም።

አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየጠበቁ ቆመው ሲያዩን ቆዩና ቀረብ አሉ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን ተጫወትን።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ወፍ ነው አባባ።»

«የእናንተ ናት?»

ሳቅን። ምን ዓይነት እንደሆነች ሥዕሏን አሳየናቸው። አገላብጠው አዩና በልጅነታቸው ሣሩ ጉልበት ያልፍ እንደነበር፣ ከመስቀል በፊት ማጭድ እንደማይነካው፣ ከብት ሲገባበት እንደ አይጥ ሣር ለሣር የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ያዩ እንደነበር ነገሩን። ያቺ ትሁን ሌላ ከሥዕል ብቻ መለየት አይቻልም። ያልተጠራጠርኩት ግን አንድ ነገር ነው። እኛ ደብተር ይዘን ከመምጣታችን ስልሳ ዓመት ቀደም ብሎ እኚህ ሰው እዚያ ቆመው ያዩ ነበር። ጊሻርድና ሌሎቹ ሜዳውን ሲዞሩ መንገድ ያሳየ፣ «እዚያ ውሃው አለ» ያለ፣ ዕቃ የተሸከመ የአገሬው ልጅ መኖሩ አይቀርም። ስሙ በወፏ መዝገብ ውስጥ የለም። ያለ ደመወዝ ካገለገሉት ፈቃደኞች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነዚያ ይመስሉኛል፤ ፈቃዳቸው ስለመጠየቁም እንጃ።

ሽማግሌው ስንት እንደሚከፈለን ጠየቁ። ምንም አልን። በአዘኔታ አዩን። ከዚያ እስከ ዛሬ የማይለቀኝን ጥያቄ ጠየቁ።

«ከቆጠራችሁስ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?»

ውድ አንባቢ፣ በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግማሽ መልስ አለኝ።

አንደኛው በርጋ ነው። በርጋ ላይ ከቆጠራው በኋላ የተደረገ ነገር አለ። የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው የወፏ ተከላካይ ቡድን አቋቋሙ። ማኅበሩና የደቡብ አፍሪካው የሚድልፑንት ረግረግ ባለአደራ ድርጅት ተባብረው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲሠራ አደረጉ። ወፏ ጫጩቶቿን እስክታሳድግ ከብት ወደ ረግረጉ እንዳይገባ ማዘግየት የአገሬው ሰው ጉዳይ ሆነ። ወፍ ስትጠበቅ ልጅም ተማረ። ቆጠራ ብቻውን ማንንም አላዳነም፤ ሰውን ከሰው አገናኝቶ ግን ብዙ አደረገ።

ሁለተኛው የአክስቴ ጥያቄ ነው። «እዚሁ ሰበታ ብትቆጥር ምን ነበረበት?» የነበረበትማ አለ። በሀብታሙ ዓለም ዱር ገብቶ ለመለማመድ ከፋይ መሆን እየተለመደ መጥቷል። መክፈል የሚችል ይሄዳል፤ የማይችል ይቀራል። በእኛም ዘንድ ከሰበታ ተነሥቶ ገፈርሳ የሚቆጥር ተማሪ የታክሲና የምሳ ከየት ያመጣል? ባለፈው ጥር ከመካከላችን ጎበዝ የነበረው ልጅ ቀረ። ለምን ቀረህ ስለው የቀን ሥራ አግኝቶ እንደነበር ነገረኝ። ፈቃደኝነት ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ አቅምም ነው። የታክሲ ዋጋ ብንሸፍን ኖሮ አንድ ኒኮል ከዚሁ ከሰበታ ይወጣ እንደሁ ማን ያውቃል?

ሦስተኛው ደብተሩ ነው። በቆጠራ ሕግ የሄድክበት ሥፍራ የፈለግኸውን ካላገኘህ ገጹን ባዶ አትተወውም፤ ዜሮ ብለህ ትጽፋለህ፤ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የዞርክበትንም ቦታ ትጠቅሳለህ። የዚያን ዕለት ከሱሉልታ ስንመለስ ተማሪዋ አስተባባሪያችን ዜሮ ጻፈች። «ዜሮም ቁጥር ነው» አለች። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። በኋላ ሳስበው ግን ከባድ ቃል ሆኖ አገኘሁት። ማንም ሳይሄድ የቀረበት ሜዳ ላይ ወፏ ትኑር አትኑር አይታወቅም፤ ሳትጠፋም ትረሳለች። ዜሮ የተጻፈላት ወፍ ግን ተፈልጋለች፤ «እዚህ ነበረች፤ በዚህ ቀን አላገኘናትም» የሚል ምስክር አላት። ነገ ውሃው ቢመለስ፣ ሣሩም ቢያድግ፣ ሊፈልጋት የሚመጣ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ስትደውል «አንተስ ስንት ቆጠርክ?» አለችኝ። የገፈርሳውን ዳክዬና ዝይ ነገርኳት። የሱሉልታውንም ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «እኛም ብዙውን ቀን ዜሮ ነው የምንጽፈው» አለች።

በመጪው ነሐሴ ተመልሰን ሱሉልታ እንሄዳለን። ሽማግሌውን ካገኘናቸው ደብተሩን አሳያቸዋለሁ። ስማቸውን እንድንጽፍ ከፈቀዱም ከቆጣሪዎቹ ተርታ አሰፍረዋለሁ።